የማንን ምስክርነት ይዘን እንሂድ?

ባለፈው ወር በቅዳሜው የወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ፣ ሦስት ልጆቻችን ናይሮቢ ለሚደረግ የወጣቶች ጉባኤ መመረጣቸው ተነገረ። ጸልየንላቸው ከተለያየን በኋላ ከሦስቱ አንዷ ወደ እኔ መጣችና፣ «መምህር፣ ስለ ኬንያ የጉዞ መጽሐፍ ልንገዛ ነው፤ የትኛውን ብንይዝ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የዋጋና የካርታ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ቶሎ መመለስ አቃተኝ። «እስቲ ላስብበት» አልኳት። ይህ ጽሑፍ ያሰብኩት ነው። ከእናንተም መካከል ነገ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለአገልግሎት ከአገር የሚወጣ ይኖራልና ለሁላችሁም ጻፍኩት።

ያደግሁት ደባርቅ ነው። ከተማችንን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጎንደር ተነሥታችሁ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኟት ደጋ ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጣ እንግዳ መግቢያውን እዚህ ይከፍላል፣ ስካውት ይመደብለታል፣ በቅሎ ይከራያል። ስለዚህ እኛ የደባርቅ ልጆች የጉዞ መጽሐፍን ያወቅነው በሌላ በኩል ነው፤ አንብበነው ሳይሆን ተጽፎብን።

9ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ይመስሉኛል፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣቸውን ተደግፈው ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ አየሁ። የመጨረሻው መኪና ከሄደ ቆይቷል። ይህንኑ ልነግራቸው የተማርኳትን እንግሊዝኛ በልቤ እየደገምኩ ቀረብኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ሰውየው እጁን ዘርግቶ ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበ። ሴትየዋ ጉልበቷ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ነበራት፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ፊቴ ጋለ። ዞሬ ሄድኩ። ሲመሽ ከእናቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ፣ አስጎብኚ የሆነ ጎረቤታችን አንድ እንግዳ ትቶለት የሄደውን የጉዞ መጽሐፍ አሳየኝ። ደባርቅ የሚለውን ፈልጌ ገለጥኩ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ከተማዋ የሚታይ ነገር እንደሌላት፣ ቶሎ ማለፍ እንደሚሻል፣ መናኸሪያው አካባቢ የሚጠጉ ልጆችን አለመስማት እንደሚበጅ ይናገራል። የዚያ ቀን ነገር ያኔ ገባኝ። ሰውየው እኔን አላየኝም ነበር፤ ያነበበውን ነበር ያየው።

ተናደድኩ። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጽሐፉ አልዋሸም። እኔ ራሴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ «ፔን፣ ፔን» እያልኩ ከእንግዳ ኋላ ሮጫለሁ። ያልተጠየቀውን መንገድ አሳይቶ ገንዘብ የሚጠይቅም ነበር። ጸሐፊው ያየውን ጽፏል። ታዲያ ምን በደለን? የጻፈው ስለ አንዳንዶቻችን ሳለ የተነበበው ስለ ሁላችንም ነው። ከዚያም በላይ፣ የምናገረው እውነት ይዤ የቀረብኩበትን ቀን አስቀድሞ ዘጋብኝ። ከእንግዲህ ምንም ብናገር ማስረጃው በእኔ ላይ ነበር።

በዘጸአት 20 ላይ ካሉት ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር ይከለክለናል። ይህን ትእዛዝ ስናስብ ፍርድ ቤትና ዳኛ ወደ ልባችን ይመጣሉ። የጉዞ መጽሐፍ ግን ምን እንደሆነ አስቡት። በቦታው ስለሌሉ ሰዎች፣ ለማያውቋቸው ሰዎች የተሰጠ ምስክርነት ነው። የተመሰከረበት ሰው መልስ የሚሰጥበት ገጽ የለውም። እንግዲህ መጽሐፍ ስትመርጡ የምትመርጡት ምስክር ነው። ምስክር የሰማ ሰው ደግሞ ሳያስበው ይፈርዳል።

እንዲህ ያለው ምስክርነት ረጅም ታሪክ አለው። የእንግሊዙ አሳታሚ ጆን መሪ የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። በዚያው ዘመን የጀርመኑ ካርል ቤዴከር የራሱን መጻሕፍት አሳተመ፤ ሊታይ የሚገባውን ቦታ በኮከብ ምልክት መለየት የለመደው በእርሱ መጻሕፍት ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ ለሆቴልና ለምግብ ቤት የምንሰጠው ኮከብ የዚያ ዘመድ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ፊሊፕ ብሪግስ የጻፈው የብራድት አሳታሚ የኢትዮጵያ የጉዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ ደጋግሞ ታትሟል። በደባርቅ መንገድ ላይ በእንግዶች እጅ እናየው ከነበሩት አንዱ ይህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የእኛን ሊማሊሞ ወጥቶ ወደ ጎንደር አልፎ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር ለንደን ውስጥ ብዙዎች አላመኑትም። ከተጠራጠሩት አንዱ እውቁ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ ነገር ግን ሎቦ የተባለውን የኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል፣ ስለ ኢትዮጵያም ልብ ወለድ ጽፏል። ያላየው፣ ያየውን ለመመዘን መጽሐፍ ብቻ በቃው። ብሩስም ቢሆን ንጹሕ ምስክር አልነበረም። የዓባይን ምንጭ ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1618 ያየውን ፔድሮ ፓኤዝን ክብር ነፍጎታል። አብሮት የተጓዘው ጣሊያናዊ ሰዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ድካሙ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። እውነት የሚናገር ሰው እንኳ በመናገሩ መካከል ሌላውን ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የማወራው ለዚህ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ከአምስት ወጣቶች ጋር ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያላዩት አገር ግን ያስፈራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ካገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ገዛሁ። የመረጥኩት ማስጠንቀቂያ የበዛበትን ነው። የሰው ልጅ አደራ ይዣለሁ፣ ጠንቃቃው መጽሐፍ ይሻለኛል ብዬ ነበር። በመንገድ ላይ ራሱ ቀርቦ ሊረዳችሁ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ አትመልሱ የሚለውን ክፍል ለልጆቹ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እነርሱ ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወደ እኛ መጡ። ኮት ለብሰዋል፣ ጋዜጣ ይዘዋል። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ልጆቹንም በዓይኔ ዝም አሰኘኋቸው። ሽማግሌው አሁንም በእንግሊዝኛ፣ ቆማችሁ ያላችሁት በተሳሳተው በኩል ነው አሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጥቂት ቆመው ሄዱ።

ቁጥሩን አይተን ተሳፈርን። ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ ከምንፈልገው ቦታ እየራቅን መሆናችን ታወቀን። በኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። እኛ እንደ አገራችን በቀኝ በኩል ቆመን ስለ ነበር ቁጥሩ ልክ ሆኖ አቅጣጫው ተቃራኒ ሆነብን። መጽሐፌ ይህን አልነገረኝም። ለምን ይነግረኛል? የተጻፈው ለእንግሊዛውያን ነው፤ በእነርሱም አገር መኪና የሚሄደው በግራ ነውና ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሥልጠናው ላይ ዘግይተን መድረሳችን ቀላል ነው። የከበደኝ ሌላ ነው። የሽማግሌው ፊት ደባርቅ መናኸሪያ ላይ የጋለው የእኔ ፊት ነበር። እኔ ደግሞ ቦርሳውን ወደ ደረቱ የሳበው ሰውዬ ሆኛለሁ። ሲደረግብኝ በደል ነው ያልኩትን፣ እኔ ሳደርገው ጥንቃቄ አልኩት። አምስት ወጣቶችም ከመምህራቸው ተማሩት። እኒያን ሽማግሌ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «መምህር፣ ናይሮቢ ውስጥ ሌባ የለም ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። አዲስ አበባም አለ፣ እኛም ዘንድ አለ። አደጋን የሚሸሽግ መጽሐፍ ራሱ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገራችንን ለዓለም ባስተዋወቁበት መሪ ቃል እንኮራለን፤ ነገር ግን ያ መሪ ቃል የክረምቱን ጭቃ እንደማይናገር እናውቃለን። የራስ ምስጋና ብቻውን ምስክርነት አይሆንም። ጥያቄው መጽሐፉ ያስጠነቅቃል ወይስ አያስጠነቅቅም አይደለም። ስለ ምን ያስጠነቅቃል? «በዚህ መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ ንጥቂያ አለ» ማለት ስለ ቦታና ስለ ሰዓት መናገር ነው፤ ተጓዥን ያድናል። «የዚህ ከተማ ሰዎች አይታመኑም» ማለት ግን በአንድ ጊዜ በሺህ ባልንጀራ ላይ መመስከር ነው።

በዘኍልቁ ምዕራፍ 13 አሥራ ሁለት ሰዎች አንዲትን ምድር ሊሰልሉ ሄዱ። አርባ ቀን ዞሩ። ሁሉም ያዩት አንድ ነው፤ የተመሸጉ ከተሞች፣ ግዙፍ ሰዎች፣ መልካም ፍሬ። አሥሩ የቆጠሩት ግንብ ሐሰት አልነበረም። ሕዝቡን ያስለቀሰው ከግንቡ ላይ የጨመሩት ፍርሃት ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ከዚያ አገር ወይን ተሸክመው ሲመለሱ፣ ቁጭ ብለው ያነጋገሩት አንድ ሰው እንዳለ ግን አልተጻፈልንም። በኢያሱ ምዕራፍ 2 ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰላዮች ኢያሪኮ ገቡ። እነርሱ የረዓብ ቤት አደሩ። ሲመለሱ ወሬ ብቻ አልያዙም፤ ምሕረት ቃል የገቡላት ሴት ነበረቻቸው። ከዚያ በኋላ ኢያሪኮ ለእነርሱ ግንብ ብቻ ልትሆን አትችልም።

ሌላም አለ። በዘኍልቁ ምዕራፍ 10 ሙሴ ምድያማዊውን ኦባብን አብሯቸው እንዲሄድ፣ በምድረ በዳም እንደ ዓይን እንዲሆናቸው ይለምነዋል። ደመናው ከፊታቸው እየሄደ ነው! ሙሴ ግን የእግዚአብሔርን ምሪት ማግኘቱ የአገሩን ሰው ከመጠየቅ አላዳነውም። «እኔን መንፈስ ይመራኛል» ብሎ የአገሬውን ሰው የማይሰማ ወጣት ከሙሴ በላይ ሆኗል ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ያም ሆኖ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፣ ፊልጶስንም ሠረገላው ላይ አስቀመጠው። የአገራችንን ሰው ከዚህ ትሕትናው የተነሣ እወደዋለሁ።

እንግዲህ ለልጅቱ የምመልሰው ይህ ነው።

መጀመሪያ፣ የታተመበትን ዓመት እዩ። በትምህርት ቤት የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ተብለን ተምረናል፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 እና 4,533 አወረዱት። ፓርካችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በ2016 ደግሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራው ወርደው ወደ ደባርቅ መጡ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ ግጭ መንደር ቡና ልጠጣ የሚል እንግዳ ባዶ ሜዳ ያገኛል፤ ቡናውን ያፈሉለት የነበሩት ሰዎች እኛ ከተማ ውስጥ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ ጭና ያደረሰውን ሐዘንም የቀድሞ እትም ሊያውቀው አይችልም። ኬንያም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ወዲህ ፌስታል ተከልክሏል፤ አሮጌ መጽሐፍ ይዛችሁ ዳቦ ቆሎአችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ብትወርዱ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ጠይቁ። በእጄ የገቡት ሁሉ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ለሚነሣ ሰው የተጻፉ ናቸው። ስለ ቪዛ ረጅም ምዕራፍ አላቸው፤ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንደማያስፈልገው ግን አይነግሯችሁም። በገበያ መከራከርን ያስተምሯችኋል፤ ይህን ከእናቶቻችሁ ተምራችኋል። በሌላ ሰው ዓይን እያያችሁ መሆናችሁን እወቁ። ያን ጊዜ የእርሱ ፍርሃት የእናንተ ፍርሃት ሳይሆን ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ያው አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣውን መጽሐፍ ፈልጉና ደባርቅን ወይም የራሳችሁን ከተማ አንብቡ። የምታውቁትን እንዴት እንደ ጻፈው ከመዘናችሁ፣ የማታውቁትን እንዴት እንደሚጽፈው ትገምታላችሁ። ጭላዳን ከተራ ዝንጀሮ ጋር ይደባልቃል? ባለ በቅሎው ስንት ሰዓት እንደሚራመድ፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር ያነሣል ወይስ የበቅሎውን ኪራይ ብቻ? ጌታችን በሉቃስ 16 በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን አስተምሮናል። ይህ ፈተና ለጸሐፊም ይሠራል።

አራተኛ፣ የመጨረሻውና እኔ የወደቅሁበት ፈተና ይህ ነው። ስለ አንድ አገር ሰዎች የሚናገረውን ገጽ እዚያው አገር፣ ከተጋበዛችሁበት ማዕድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ? ምሬት ያለበት እውነት እንኳ በፍቅር ከተጻፈ ሊነበብ ይችላል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው «ልክ ነው፣ ይህ ችግር አለብን» ይላሉ። ከጠረጴዛ በታች ብቻ የሚነበብ ገጽ ካለ ግን ወይ መጽሐፉ ወይ ልባችሁ መታረም አለበት።

ይህን ፈተና ከጻፍኩ በኋላ ራሴን ወደ ቤት መለሰኝ። በእኛ አካባቢ ወንጌላውያን ጥቂቶች ነን። ስለ እኛ ብዙ ይወራል፤ ከሚያወሩት የሚበዙት አንድ ቀን እንኳ ቤታችን ገብተው አያውቁም፤ ይህም ያመናል። ግን እኛስ? ስለ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በስብሰባችን የምንናገረውን፣ በልጅነቴ እናቴ ስትታመም ቤታችንን ያዩልን እማማ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቢሰሙት፣ እንዳለ እንደግመዋለን? እኔ የማልደግመው ብዙ አለ። ኬንያ ሳንሄድ፣ መጽሐፍ ሳንገዛ፣ አንዱ ስለ ሌላው መንደር የያዘው የቃል የጉዞ መጽሐፍ አለ። እርሱም እትሙ አሮጌ ነው።

ለሦስቱ ልጆቻችን እንዲህ ብያቸዋለሁ። አቅማችሁ የሚፈቅደውን አዲሱን እትም ግዙ። ከካርታው በፊት የሰላምታውን ገጽ አጥኑ፤ ይቅርታ መጠየቂያውን ቃልም ጨምሩበት፤ እኔ ሳላውቀው ሄጄ ነበርና። በኅዳጉ ላይ እርሳስ ይዛችሁ ያገኛችሁትን ጻፉ፣ ስሕተት የሆነውን ሰርዙ፣ ስትመለሱ መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍታችን ስጡ፤ ቀጥሎ የሚሄደው የእናንተን እርማት ያንብብ።

ማታቱ ስትጠብቁ በግራ በኩል መቆማችሁን አረጋግጡ። ሸምገል ያለ ሰው ቀርቦ ካነጋገራችሁ፣ ቦርሳችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ግን እስኪጨርስ ስሙት። ጋዜጣ የያዙ፣ ኮት የለበሱ ከሆኑ ደግሞ ስማቸውን ጠይቁልኝ።

በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ።